«ኢንሃቢት» ወይስ «ሊቭ»? ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው በእንግሊዝኛ ምን ብሎ ይጻፍ?

ጥያቄው፦ «ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው። ከጥር 2010 መጀመሪያ ጀምሮ ግን በሥራ ምክንያት ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። አሁን ለማስተርስ የውጭ ስኮላርሺፕ እያመለከትኩ ነው። ደብዳቤዬ ላይ ‹አይ አም ኢንሃቢቲንግ ኢን ኮምቦልቻ ሲንስ 2010› ብዬ ጻፍኩ። ‹ሊቭ› የአራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ስለመሰለኝ ነው። አንድ ባልደረባዬ አይቶ ‹ከፊቱ ኢን ስላለ ሰው የማይኖርበት ማለት ነው› አለኝ። ሌላዋ ደግሞ ‹ኦኪዩፓይ በይው፣ እሱ ይሻላል› አለች። ግራ ገባኝ። የቱ ነው ትክክል?»

ምላሽ፦ «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ኮምቦልቻ ሲንስ ጃንዋሪ 2018» ብለሽ ጻፊ። 2010 እንዴት 2018 እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። እሱ ከግሱ ምርጫ ይልቅ ደብዳቤሽን ሊጎዳ የሚችል ነገር ነው። የመጀመሪያው ባልደረባሽ ያለው ስህተት ነው፤ ስህተቱ ግን መነሻ አለው። የሁለተኛዋ ምክር ደግሞ ካሰብሽው ፈጽሞ የራቀ ትርጉም ያመጣል። አንቺ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት የተለያዩ ጥፋቶች አሉ። ተለይተው ካልታዩ አንዱን ስታርሚ ሌላው ይቀራል።

ከ«ኢን» ልጀምር። «ኢንሃቢት» ተሻጋሪ ግስ ነው። ቦታውን በቀጥታ ይወስዳል፤ በመሃል መስተዋድድ አይገባም። «ጌላዳስ ኢንሃቢት ዘ ሃይላንድስ ኦቭ ኢትዮጵያ» ይባላል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ይኖራሉ ማለት ነው። «ኢንሃቢት ኢን» ብሎ ነገር የለም። «ውስጥ» የሚለው ሐሳብ ግሱ ራሱ ውስጥ አለ፤ ሁለተኛ «ኢን» ከኋላ ሲጨመር ትርፍ ይሆናል። «ሊቭ» ደግሞ ተቃራኒው ነው። ያለ «ኢን» ቦታ አይወስድም። «አይ ሊቭ ኮምቦልቻ» ካልሽ ስህተት ነው። እንግዲህ ሁለቱን ግሶች ስትለዋውጪ «ኢን»ንም አብረሽ ማስገባት ወይም ማውጣት አለብሽ።

ይህ ስህተት የመጣው ካለማወቅ ብቻ አይደለም። አማርኛችን እጃችንን ይመራዋል። እኛ «ኮምቦልቻ እኖራለሁ» ወይም «ኮምቦልቻ ውስጥ እኖራለሁ» እንላለን እንጂ «ኮምቦልቻን እኖራለሁ» አንልም። ለ«ኖረ» ተሳቢ ቢመጣለት እንኳ ሕይወት ነው እንጂ ቦታ አይደለም፤ «ጥሩ ሕይወት ኖረ» እንደምንለው። የመዝገበ ቃላቱ ገጽ ላይ «ኢንሃቢት» የሚለው ፊት ለፊት «ኖረ፣ ሰፈረ፣ ተቀመጠ» ተብሎ ስናይ የአማርኛውን አገባብ ይዘን ወደ እንግሊዝኛው እንሄዳለን። መዝገበ ቃላቱ ትርጉሙን ነገረን፤ ከግሱ በኋላ ምን እንደሚከተል ግን አልነገረንም። ስለዚህ አዲስ ግስ ስትይዢ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አብረሽ ያዢ።

ሁለተኛው ጥፋት ከሰዋስው አልፎ ነው፤ እኔ ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። «ኢን»ን አውጥተሽ «አይ ኢንሃቢት ኮምቦልቻ» ብትይስ? ሰዋስዉ አይጣስም። ኮምፒውተሩም ቀይ መስመር አያሰምርበትም። አንባቢው ግን ቆም ይላል። «ኢንሃቢት» ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ቃል ነው። ስለ አንድ ሕዝብ፣ ስለ አንድ የእንስሳ ወይም የዕፅዋት ዝርያ፣ ስለ ደሴትና ስለ በረሃ ሲጻፍ ይመጣል። «ኢትዮፒያን ዉልቭስ ኢንሃቢት አፍሮአልፓይን ግራስላንድስ» ቢባል ያምራል። ቀይ ቀበሮ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ባሉ የውርጭ ሣር ሜዳዎች ይኖራል፤ እዚሁ ደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት ውስጥም አለ። የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ስለ እሱ የሚጽፈው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ስለ ራሱ፣ ስለሚከራይባት ቤትና ስለሚውልባት ከተማ ሲናገር ግን «ኢንሃቢት» አይልም። የእንግሊዝ ዳኛም፣ የአሜሪካ ፕሮፌሰርም፣ የካናዳ ሚኒስትርም ስለ ራሳቸው ሲናገሩ «አይ ሊቭ ኢን» ነው የሚሉት።

«ሊቭ» የአራተኛ ክፍል ቃል ነው ያልሽው እዚህ ጋ መልስ ያገኛል። ቀድመን የተማርነው ቃል ሁሉ የልጅ ቃል ይመስለናል። የትምህርት ቤት መጽሐፋችን መጀመሪያ ላይ ስላገኘነው ነው እንጂ ቃሉ ራሱ ዝቅ ያለ ሆኖ አይደለም። በዚህ ላይ የአማርኛ ማመልከቻ ልማድ አለብን። «እኔ አመልካች በኮምቦልቻ ከተማ ነዋሪ ስሆን…» ብለን ነው የምንጀምረው። ለቢሮ ስንጽፍ ቃሉን ከበድ፣ ዓረፍተ ነገሩን ረዘም ማድረግ አክብሮት ነው። በእንግሊዝኛ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ግን ክብር የሚለካው በከባድ ቃል አይደለም። አንባቢው ብዙ ደብዳቤ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ማንነትሽንና ሥራሽን ቶሎ እንዲያይ ነው የሚፈልገው።

የሁለቱ ቃላት የክብደት ልዩነት ታሪክም አለው። «ሊቭ» ከእንግሊዝኛው ከራሱ የጥንት ሥር የወጣ ቃል ነው። «ኢንሃቢት» ደግሞ ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገባ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ፈረንሳይኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ይዞ ቀረ። አንዱ የቤት፣ አንዱ የቢሮ ሆነ። «ባይ» እና «ፐርቸስ» (መግዛት)፣ «ቢጊን» እና «ኮሜንስ» (መጀመር)፣ «ሊቭ» እና «ኢንሃቢት» እንዲህ ነው የተጣመሩት። በአማርኛና በግዕዝ መካከል ያለውን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ነገር ግን የቢሮው ቃል የቤቱን ቃል በሁሉም ቦታ አይተካም። አንዳንዱ ለቢሮ እንኳ አይሆንም። «ኢንሃቢት» ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ለደብዳቤ ሳይሆን ለጂኦግራፊና ለሥነ ሕይወት ነው የቀረው።

ሦስተኛው ጥፋት «ኢንሃቢቲንግ» ማለትሽ ነው። ግሱ ለቋሚ ሁኔታ እንጂ አሁን እየተደረገ ላለ ድርጊት ብዙም አይውልም። አማርኛው «እየኖርኩ ነው» ስለሚል «አም… ኢንግ» ይመጣብናል። በዚህ ላይ «ሲንስ» አለ። ካለፈ ጊዜ ጀምሮ እስካሁን የዘለቀ ነገር በእንግሊዝኛ የራሱ የግስ ቅርጽ አለው፤ «ሃቭ ሊቭድ» ወይም «ሃቭ ቢን ሊቪንግ»። ሁለቱም ለአንቺ ይሠራሉ። «አይ ሊቭ… ሲንስ» ወይም «አይ አም ሊቪንግ… ሲንስ» ግን አይሠሩም። የመነሻውን ቀን ስትጠሪ «ሲንስ»፣ የዓመቱን ርዝመት ስትጠሪ «ፎር» ነው። ደሴ ውስጥ ያየኋቸው ብዙ የማመልከቻ ደብዳቤዎች ላይ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ይኼ ነው።

አሁን ወደ ባልደረባሽ «ኢን»። ከፊት ያለው «ኢን» ማፍረሻ ነው ብሎ ያሰበበት ምክንያት ይገባኛል። «ኢንኮሬክት» ትክክል ያልሆነ፣ «ኢንቪዚብል» የማይታይ ነው። ነገር ግን ላቲን በአንድ መልክ የሚጻፉ ሁለት «ኢን»ዎች ነበሩት። አንደኛው «አይደለም» ይላል። ሁለተኛው «ውስጥ፣ ወደ ውስጥ» ይላል። ጤና ጣቢያ የምንወጋው «ኢንጀክሽን» ከሁለተኛው ነው፤ ወደ ውስጥ መወርወር ማለት ነው። «ኢንስፔክሽን»ም እንዲሁ፤ ወደ ውስጥ መመልከት ነው፤ የአንቺው ሥራ ነው። «ኢንሃቢት» ከእነዚህ ወገን ነው። ስለዚህ «ኢንሃቢትድ» ማለት ሰው የሚኖርበት ማለት ነው። ሰው የማይኖርበት ለማለት ሌላ ማፍረሻ ከፊት ይጨመራል፤ «አንኢንሃቢትድ»።

ባልደረባሽን አትውቀሺው። ይህ ግራ መጋባት እንግሊዞቹን ራሳቸውንም አጋጥሟቸዋል። ድሮ «ኢንሃቢተብል» የሚለው ቃል ለ«ሊኖሩበት የሚቻል»ም ለ«ሊኖሩበት የማይቻል»ም ይውል ነበር። በፈረንሳይኛ ደግሞ ዛሬም «ኢናቢቴ» ማለት ሰው የማይኖርበት ማለት ነው። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው እንግሊዝኛውን ሲያነብ ትርጉሙን ሊገለብጠው ይችላል። በዛሬው እንግሊዝኛ ግን ጉዳዩ ያለቀለት ነው። «ሃቢተብል» እና «ኢንሃቢተብል» አንድ ናቸው፤ ሊኖሩበት የሚቻል ማለት ነው። ተቃራኒያቸው «አንኢንሃቢተብል» ነው።

ትርጉሙ ሲገለበጥ ምን እንደሚያጠፋ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በአፋር ያለው ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው አማካይ ዓመታዊ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ላይ ይህ «ኢንሃቢትድ» በሆነ ቦታ ከተመዘገቡት አማካይ ሙቀቶች ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ ይጠቀሳል። ቃሉን «ሰው የማይኖርበት» ብሎ ያነበበ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ ይረዳዋል። የመዝገቡ ቁም ነገር ያኔ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሰው ይኖር የነበረ መሆኑ ነው።

እናንተ ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የከፋ አለ። የማሟሟያና የማጽጃ ኬሚካል በርሜል ላይ «ኢንፍላመብል» ተብሎ የተጻፈበት ሊያጋጥምሽ ይችላል። ይህም «ኢን» ማፍረሻ አይደለም። በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ማለት ነው። «ፍላመብል» ከሚለው ጋር አንድ ነው። በዚህ ግራ መጋባት አደጋ እንዳይደርስ ነው የደህንነት ባለሙያዎች ቀስ በቀስ «ፍላመብል» የሚለውን ብቻ ወደ መጠቀም የሄዱት። የማይቀጣጠል የሚባለው «ነንፍላመብል» ተብሎ ይጻፋል። ባልደረባሽ ስለ «ኢን» ያለውን እምነት ይዞ መጋዘን እንዳይገባ ዛሬውኑ ንገሪው።

አንድ ፊደል ብቻ የሚለየውን ቃልም ተጠንቀቂ። «ኢንሂቢት» ሌላ ነው፤ መግታት፣ ማገድ ማለት ነው። ለጨጓራ የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል ከ«ኢንሂቢተር» መድኃኒቶች ወገን ነው፤ ጨጓራ አሲድ እንዳያመነጭ ይገታል። ስትጽፊ «ኤ» የነበረው «አይ» ከሆነ ኮምቦልቻ መኖርሽ ቀርቶ ኮምቦልቻን ማገድሽ ይሆናል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ላይነግርሽ ይችላል።

ወደ «ኦኪዩፓይ» እንምጣ። ይህ ቃል ለአማርኛችን «ያዘ» በጣም ይቀርባል። ከደሴ ፒያሳ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብተሽ አንዱ ወንበር ላይ ቦርሳ ብታዪ፣ «ሰው አለው? ተይዟል?» ትያለሽ። «ኦኪዩፓይድ» ማለት ያ ነው። የመጸዳጃ ቤት በር ላይም ይጻፋል። የቤት ኪራይ ውል ላይ «ኦኪዩፓንት» የሚባለው ቤቱን ይዞ የሚኖረው ሰው ነው፤ ባለቤትም ይሁን ተከራይ። ሥራ የበዛበት ሰውም «ኦኪዩፓይድ» ይባላል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለውም።

ቦታው ከተማ ወይም አገር ሲሆን ግን ቃሉ ፊቱን ይለውጣል። በጉልበት መያዝ፣ በጦር መቆጣጠር ይሆናል። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ 1936፣ ደሴ ገባ። ያን ጊዜ የሆነውን ለመግለጽ ነው እንግዲህ «ዚ ኢታሊያንስ ኦኪዩፓይድ ደሴ» የሚባለው። አንቺ «አይ ኦኪዩፓይ ኮምቦልቻ» ብለሽ ብትጽፊ ከተማዋን በቁጥጥሬ ሥር አድርጌያለሁ ያልሽ ያህል ነው። ስለ ቤትም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ማይ ፋሚሊ ኦኪዩፓይድ ዘ ሃውስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለ ማብራሪያ ሲመጣ ቤቱን ያለ መብት ያዙት ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የቤተሰብሽን ታሪክ ስትጽፊ «ሊቭድ ኢን ዘ ሃውስ» በይ።

እግረ መንገዴን፣ ፎርም ላይ «ኦኪዩፔሽን» የሚል ሣጥን ስታዪ የሚጠየቀው ሥራሽ ነው። በእንግሊዝኛ «ነን» (ምንም የለም) ብለው ወይም የመኖሪያ አድራሻ ጽፈው የሚልኩ አሉ። አንቺ የጥራት ተቆጣጣሪነትሽን ትጽፊያለሽ።

ከባድ ቃል የግድ ከፈለግሽ «ሪዛይድ» አለልሽ። ይህ ለቢሮ የሚሆን ቃል ነው፤ «ኢን»ም ይከተለዋል። «አይ ሪዛይድ ኢን ኮምቦልቻ» ስህተት የለበትም፤ ትንሽ የፍርድ ቤት ሽታ አለው እንጂ። ለማስረጃና ለውል ይሁን፤ ለግል ደብዳቤሽ አልመክረውም። ከእሱ የወጣው «ሬዚደንት» ግን ጥሩ ነው። የቀበሌ መታወቂያችን ላይ ያለውን «ነዋሪ» በደንብ ይተካል። «አይ አም ኤ ሬዚደንት ኦቭ ኮምቦልቻ» ሲባል ይስማማል። «ኢንሃቢታንት» ግን ለቆጠራ ነው፤ አንድ ከተማ ይህን ያህል ሺህ «ኢንሃቢታንትስ» አሏት ሲባል ነው የሚያምረው። «ፐርማነንት ሬዚደንት» የሚለውን ደግሞ አትንኪው። በብዙ የውጭ አገር ፎርሞች ላይ የዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ማለት ነው። «ቋሚ ነዋሪ ነኝ» ብለሽ በቅን ልቦና ምልክት ብታደርጊበት ያልሆንሽውን ነኝ ማለት ይሆናል። «ካንትሪ ኦቭ ሬዚደንስ» ሲል ኢትዮጵያ ብለሽ ሙዪው፤ አሁን የምትኖሪበትን አገር ነው የሚጠይቀው።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። «ድዌል» የድሮና የቅኔ ቃል ሆኗል። «ስቴይ» በአንዳንድ አገሮች እንግሊዝኛ መኖርን ይተካል፤ በብዛት የሚታወቀው ግን ለሆቴልና ለጥቂት ቀን ቆይታ ነው። «የት ነው የምትቀመጪው?» ብለን ስለምንጠይቅ «ዌር ዱ ዩ ሲት?» የሚሉ ተማሪዎች አሉ። አማርኛው ነውር የለበትም፤ ግዕዙም «ነበረ» ብሎ ሁለቱንም ትርጉም ይይዛል፤ «መንበር» የወጣው ከዚያ ነው። እንግሊዝኛው ግን መቀመጥንና መኖርን አያገናኝም። ስለ ሕንፃ ስትጽፊ ሰዎቹን ትተሽ ሕንፃውን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማድረግ ከፈለግሽ «አኮሞዴት» ጥሩ ነው። የሠራተኞች ማደሪያው ይህን ያህል ሰው ይይዛል ለማለት ይሆናል።

«ሊቭ»ን ስመክርሽ ሁለት ነገር አብረሽ ያዢ። ፊደሉ የመጀመሪያው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ መኖርንና መሄድን፣ ሁለቱንም «ሊቭ» ብሎ ይሰማቸዋል። የመኖሩ አጭር ነው፣ በአንድ «አይ» ይጻፋል። የመሄዱ፣ የመልቀቁ ረጅም ነው፣ በ«ኢ» እና በ«ኤ» ይጻፋል። «ከኮምቦልቻ እለቃለሁ» እና «ኮምቦልቻ እኖራለሁ» ለአንቺ ማመልከቻ ትልቅ ልዩነት ነው። ሁለተኛው መስተዋድዱ ነው። ለከተማና ለአገር «ኢን»፣ የቤት ቁጥር ላለው ሙሉ አድራሻ «አት» ነው። «ደሴ ላይ» ስለምንል «ኦን ደሴ» እንዳይመጣብሽ።

ደሴና ኮምቦልቻ መካከል መሆንሽም በቋንቋው መታየት አለበት። የትውልድ ከተማሽና የመኖሪያ ከተማሽ የተለያዩ ናቸው። «አይ አም ፍሮም ደሴ» አመጣጥሽን ይናገራል፤ አሁን እዚያ ትኖሪያለሽ አይልም። «አይ ሊቭ ኢን ኮምቦልቻ» አሁን ያለሽበትን ይናገራል። ኮምቦልቻ ያለሽው ለጊዜው ብቻ ነው ብለሽ ካመንሽ «አይ አም ሊቪንግ ኢን ኮምቦልቻ» ትያለሽ። «ሊቪንግ» እዚህ ላይ «ለአሁኑ» የሚል ስሜት ይጨምራል። አንቺ ግን ዓመታት ሠርተሽባታል፤ ቋሚው ይሻላል።

«ኢንሃቢት»ን ለዘላለም ተዪው እያልኩ አይደለም። በቦታው እሱን የሚተካ ቃል የለም። በተለይ ድርጊቱ ሲገለበጥ ጥንካሬው ይታያል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ባሕረ ገብ መሬት መነኮሳት ይኖሩበታል ለማለት «ዘ ፔኒንሱላ ኢዝ ኢንሃቢትድ ባይ መንክስ» ይባላል። በ«ሊቭ» ይህን ልበል ብትዪ ዓረፍተ ነገሩ ይንቀራፈፋል። ሰው በሚኖርበትና በማይኖርበት መሬት መካከል መለየት ስትፈልጊም እሱ ነው ቃልሽ። አዲስ ተሠርቶ ገና ሰው ያልገባበት ኮንዶሚኒየም «አንኢንሃቢትድ» ቢባል ይገባል፤ «አንኢንሃቢተብል» ከተባለ ግን ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ለሰው አይሆንም ማለት ነው። ለአንድ ባዶ ቤት የተለመደው ግን «ቬከንት» ወይም «ኢምፕቲ» ነው። በጥበብ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ተዋናይ ገጸ ባሕሪውን «ኢንሃቢት» አደረገ ይባላል፤ ሙሉ በሙሉ ገባበት፣ ሆነው ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን የዚህ ግስ ባለቤት ሆኖ የሚያምረው እዚህና በልብ ወለድ ውስጥ ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ ስለሆነው «ሃቢታት» አንድ ነገር ልጨምር፤ በጣም ስለምወደው ነው። ላቲን የሚጽፉ የዕፅዋት አጥኚዎች ተክሉ የት እንደሚገኝ ሲገልጹ «ሃቢታት ኢን…» ብለው ነበር የሚጀምሩት፤ «በዚህ ቦታ ይኖራል» ማለት ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት አጥኚ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ቡናን ሲመዘግብ «ሃቢታት ኢን» ብሎ የዐረብን አገር ጻፈ። የእኛ ቡና «አራቢካ» የሚለውን ስም ይዞ የቀረው ከዚያ ነው። እንግሊዝኛ ያንን የላቲን ግስ ወስዶ ስም አደረገው። ላቲኑ «ኢን» እንደነበረው አየሽ? እንግሊዝኛው «ኢንሃቢት» ግን የለውም። ሥርወ ቃል ትርጉሙን ለመረዳት ይጠቅማል፤ አገባቡን ግን ከዛሬው ቋንቋ ነው የምንወስደው።

አሁን አራተኛው፣ ዓመቱ። ውጭ ያለ አንባቢ 2010ን ሲያይ የራሱን 2010 ነው የሚያስበው። በሥራ ልምድሽ ላይ ስምንት ዓመት የተጨመረ ይመስለዋል። የልደት ዘመንሽ በፓስፖርትሽ ላይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ደግሞ ሒሳቡ አይገጥምለትም፤ ገና በልጅነትሽ ፋብሪካ የገባሽ ሊመስልም ይችላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ላለው ጊዜ ሰባት ዓመት ትደምሪያለሽ። ከታኅሣሥ 22 ወይም 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ነው። ጥር 2010 መጀመሪያ ስለዚህ ጃንዋሪ 2018 ነው። «ኢ.ሲ.» (የኢትዮጵያ አቆጣጠር) ብሎ አጠገቡ መጻፍም አያድንሽም፤ አንባቢው ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል።

የደብዳቤሽ መጀመሪያ እንዲህ ይሁን፦ «አይ ዎዝ ቦርን ኤንድ ሬይዝድ ኢን ደሴ። አይ ሃቭ ሊቭድ ኤንድ ወርክድ ኢን ኮምቦልቻ ሲንስ ጃንዋሪ 2018»። ከዚያ በቀጥታ ስለ ጥራት ቁጥጥር ሥራሽ ግቢ፤ የሚመዝኑሽ በእሱ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ የተተረጎመው ቅጂ ላይ ቀኖቹ ተለውጠው መግባታቸውን ከመላክሽ በፊት ራስሽ አመሳክሪ። ተርጓሚ ቤት አንዳንዴ ቃሉን ተርጉሞ ዓመቱን እንዳለ ይተወዋል።